ጂኑ ሳይሰበር ሲዘጋ፦ ዲኤንኤ ሜቲሌሽን፣ የደጋ ፀሐይ እና የቆዳ ካንሰር

የቆዳ ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን «ያ የፈረንጅ በሽታ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ሜላኖማ በሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ነጭ ቆዳ ካለው ሰው በጣም ያነሰ ነው። ችግሩ ሌላው ግማሽ ላይ ነው። እኛን ሲይዝ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማንም ልብ በማይለው ቦታ ነው፤ ውስጥ እግር ላይ፣ ጥፍር ሥር፣ መዳፍ ላይ። ስለዚህም ዘግይቶ ይታወቃል።

ቦብ ማርሌይ የሞተው በዚሁ ነው። በ1977 በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት፤ መጀመሪያ ላይ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። በ1978 ሻሸመኔ ድረስ መጥቶ ሄደ፣ በግንቦት 1981 ገና በ36 ዓመቱ አረፈ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ጤነኛ የቆዳ ሴል እንዴት ነው ካንሰር የሚሆነው? ትምህርት ቤት የተማርነው መልስ «ጂኑ ስለሚበላሽ» የሚል ነው። ልክ ነው፣ ግን አይበቃም። አንዳንዴ ጂኑ አንድም ፊደል ሳይጎድልበት፣ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ፣ ተዘግቶ ይቀመጣል። ጽሑፉ አለ፣ ሴሉ ግን ሊያነበው አይችልም። ጂን ከሚዘጋባቸው መንገዶች ዋናው ዲኤንኤ ሜቲሌሽን ይባላል።

ፊደሉ እና ምልክቱ

በእያንዳንዱ ሴላችን (ህዋስ የምንለው ማለት ነው) ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ፣ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል የሚጠጋ ርዝመት ያለው ጽሑፍ ነው። የሚገርመው የጉበት ሴልና የቆዳ ሴል የያዙት ጽሑፍ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱን ጉበት፣ ሌላውን ቆዳ ያደረገው የትኛው ክፍል እንደሚነበብ፣ የትኛው እንደሚታለፍ የሚናገር ምልክት ነው።

ለዚህ ጎንደር የራሷ ምሳሌ አላት። ድጓ ገልጣችሁ አይታችሁ ከሆነ ከግዕዙ ቃል በላይ፣ በመስመሮቹ መሃል፣ ደቃቅ ምልክቶች ተደርድረው ታያላችሁ። የዜማ ምልክት ናቸው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራ እና አዛዥ ራጉኤል ሥርዓት እንዳስያዙት ይነገራል። ምልክቱ ከቃሉ አንድ ፊደል አይለውጥም። መሪጌታው ግን ምልክቱን አይቶ የት እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚጥል፣ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ምልክቱ ከተሳሳተ ቃሉ ትክክል ሆኖ ዜማው ይበላሻል።

ሜቲሌሽንም እንደዚያ ነው። አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያላት ሜቲል የምትባል ትንሽ ኬሚካል «ሲ» (ሳይቶሲን) በሚባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ትለጠፋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ«ሲ» ቀጥሎ «ጂ» ሲመጣ። ፊደሉ ያው «ሲ» ነው፣ ላዩ ላይ ግን ምልክት አለ።

ቦታው ወሳኝ ነው። እያንዳንዱ ጂን ንባቡ የሚጀመርበት በር አለው፣ ፕሮሞተር ይባላል። በሩ ላይ ምልክቱ ሲበዛ፣ ምልክቱን የሚያውቁ ፕሮቲኖች መጥተው ይጣበቃሉ፣ ዲኤንኤው ጥብቅ ብሎ ይጠቀለላል፣ ጂኑን የሚያነበው የሴሉ ማሽን መግቢያ ያጣል። በቃ፣ ጂኑ ዝም አለ። በሩ ንጹሕ ከሆነ ግን የመነበብ ዕድል አለው።

ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ሴቶች ካሏቸው ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች አንደኛው በአብዛኛው ተዘግቶ የሚኖረው ሜቲሌሽንም አግዞት ነው። ምልክቱን የሚጽፉ ኢንዛይሞች አሉ፣ የሚያነሱትም አሉ (ቴት ይባላሉ)። ከጸሐፊዎቹ አንዱ፣ ዲኤንኤምቲ1 የሚባለው፣ ልዩ ሥራ አለው፤ ሴል ለሁለት ሲከፈል የድሮውን ምልክት እያየ በአዲሱ ቅጂ ላይ ይደግመዋል። ይህን ያዙት። አንድ ጂን በስህተት ከተዘጋ ስህተቱ ለልጅ ልጅ ሴሎች እየተላለፈ ይቀጥላል ማለት ነው። ሜቲሌሽን እንዲህ ዓይነት የሴል ትውስታ ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ በ1975 በእንግሊዝም በአሜሪካም ያሉ ተመራማሪዎች ለየብቻቸው አቅርበውት ነበር።

ፍሬኑ ሲዘጋ

ቆዳችን ሁልጊዜ ራሱን ያድሳል። ሴሎቹ ይከፈላሉ፣ ያረጁት ይራገፋሉ። ስለዚህ ጠንካራ ፍሬን ያስፈልገዋል። ከፍሬኖቹ አንዱ ሲዲኬኤን2ኤ ከሚባለው ጂን የሚወጣው ፒ16 የተባለ ፕሮቲን ነው። ሥራው አጭር ነው፤ ሴሉ መከፈል የሌለበት ሰዓት ላይ «ቁም» ይለዋል።

በሜላኖማ ይህ ፍሬን በተደጋጋሚ ከሥራ ውጭ ሆኖ ይገኛል። የሚወጣበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። በአንዱ ታካሚ ጂኑ ከነጭራሹ ተቆርጦ ጠፍቷል። በሌላው አንድ ፊደል ተለውጧል። በሌላው ደግሞ ጂኑ እንዳለ አለ፣ በሩ ላይ ግን የሜቲል ምልክት ተከምሮበታል። ለሴሉ ውጤቱ ያው ነው፣ ፍሬን የለም። ለሐኪም ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የተቆረጠን ጂን መመለስ ከባድ ነው፣ የተዘጋን መክፈት ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ ይቻላል። ወደዚህ እንመለስበታለን።

ፒ16 ብቻውን አይደለም። አርኤኤስኤስኤፍ1ኤ የሚባል ሌላ ጠባቂ ጂንም በብዙ የሜላኖማ ናሙናዎች በዚሁ መንገድ ተዘግቶ ተገኝቷል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። «ካንሰር ማለት ሜቲሌሽን ሲበዛ ነው» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። በ1983 የአንጀት ካንሰርን ከዚያው ታካሚ ጤነኛ ሥጋ ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ተቃራኒውን ነበር፤ የካንሰሩ ዲኤንኤ ምልክቱ ተመናምኗል። ዛሬ የሚታወቀው ሁለቱም በአንድ ሴል ውስጥ እንደሚከሰቱ ነው። ሰፊው የዲኤንኤ ሜዳ ምልክቱን ያጣል፣ የተወሰኑ የጠባቂ ጂኖች በር ላይ ደግሞ ይከማቻል። ቤቱ በሙሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ የጥበቃው ክፍል ብቻ እንደተቆለፈ አስቡት።

ምልክቱ ሲነሳ ደግሞ መተኛት የነበረባቸው ጂኖች ይነቃሉ። ጥሩ ምሳሌው ሜጅ የሚባለው የጂን ቤተሰብ ነው። በጤነኛ ሰው እነዚህ ጂኖች ከወንድ የዘር ፍሬ በስተቀር ሌላ ቦታ ጭጭ ያሉ ናቸው። የመጀመሪያው በ1991 ይፋ የሆነው ከአንዲት የሜላኖማ ታካሚ ሴሎች ሲሆን፣ የሚነቃው የሜቲል ምልክቱ ስለሚነሳለት መሆኑ በ1996 ታየ። የሚገርመው ይህ ለካንሰሩም ኪሳራ ሊሆን መቻሉ ነው፤ የሰውነታችን መከላከያ ሴሎች «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብለው እንዲያዩት ያደርጋል።

ሌላም ግኝት ልጨምር። የቴት ኢንዛይሞች ምልክቱን ማንሳት ሲጀምሩ በመሃል የተለየ አሻራ ይተዋል። በ2012 የወጣ ጥናት ይህ አሻራ «ማርያም ስማው ነው» የምንለው ዓይነት ጉዳት በሌለው የቆዳ ነጥብ ውስጥ እንዳለ፣ በሜላኖማ ሴሎች ውስጥ ግን እንደጠፋ አሳየ። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ቀለም አምራች ሴል ነው የሚነሱት። ዓይን ሊለያቸው የሚቸገረውን ምልክቱ ይለያቸዋል ማለት ነው።

ብርዱ ያታልላል

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች፣ ከዚያ በላይ ያለውን የሰሜን ተራራ መንደር ታውቁታላችሁ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታየው የፀሐይ ጨረር በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። በዚያ ላይ ፀሐይ በጎንደር ሰማይ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ አናት ላይ ትቆማለች። ነሐሴን ደመናው ይይዝልናል። ሚያዝያ ላይ ግን የሚይዝልን ብዙ ነገር የለም። ጋቢ ያስለበሰ ብርድ ፀሐይዋን የለዘበች ያስመስላታል፤ ጨረሩ ግን ከሙቀቱ ጋር አብሮ አይበርድም።

ፀሐይና ሜቲሌሽን የሚገናኙት ሁለት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛው፣ ፀሐይ ምልክቱን ራሱን ታናጋለች። በ2015 የወጣ ጥናት ፀሐይ የሚመታውን ቆዳና ከፀሐይ የተጠበቀውን፣ የወጣቱንና የአዛውንቱን እያነጻጸረ አየ። ዕድሜው በገፋ ሰው ፀሐይ በሚመታው የላይኛው የቆዳ ክፍል ዲኤንኤው ምልክቱን በሰፋፊ ክፍሎች አጥቷል። እነዚያ ክፍሎች በቆዳ ካንሰር ላይ ምልክት ከሚጠፋባቸው ጋር የሚገጣጠሙ ሆኑ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ካንሰር የላቸውም፤ የተመረመረው ጤነኛ ቆዳ ነው። ለውጡ ከበሽታው ቀድሞ ነው የሚጀምረው።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ይበልጥ የሚገርመው፣ ምልክቱ ፊደሉን ለጉዳት ያጋልጠዋል። አልትራቫዮሌት ዲኤንኤን ሲመታ ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎችን እርስ በርስ ያጣብቃል። ሴሉ ጥገናውን ካሳሳተ ፊደሉ ለዘለቄታው ይለወጣል። በ1997 የታተመ ሥራ ፒ53 በሚባለው ታዋቂ ጠባቂ ጂን ላይ ባደረገው ምርመራ፣ የፀሐይ ብርሃን የበለጠ የሚያጣብቀው የሜቲል ምልክት ያለባቸውን ቦታዎች መሆኑን አገኘ። እነዚያው ቦታዎች ናቸው በቆዳ ካንሰር ታካሚዎች ላይ ደጋግመው ተለውጠው የሚገኙት። እና «ምልክቱ ሌላ፣ ፊደሉ ሌላ» ብሎ መለየት ለማስረዳት ይመቻል እንጂ በሴሉ ውስጥ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል።

ጥቁር ቆዳ እዚህ ትልቅ ጋሻ አለው፣ ሜላኒን። ጨረሩ ዲኤንኤው ጋ ከመድረሱ በፊት ይውጠዋል። ስለዚህ በደጋው ፀሐይ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ይህ ጋሻ የሌላቸው፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። አልቢኒዝም ራሱ የሜቲሌሽን ነገር አይደለም፤ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ የፊደል ለውጥ ነው። ከብት ሲጠብቅ የሚውል አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ግን ከላይ ያልናቸው ጉዳቶች በሙሉ ያለ መከላከያ ይደርሱበታል፤ ገና በወጣትነቱ በፊት፣ በጆሮ፣ በከንፈር፣ በአንገት ላይ ስኳመስ ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሊወጣበት ይችላል። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ በእኩለ ቀን ጥላ፣ ከተገኘም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለእሱ ቅንጦት አይደሉም። ክፍል ውስጥ ከመስኮት ራቅ ብሎ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ማስቀመጥም ያግዛል፤ ዓይኑም ብዙ ጊዜ አጥርቶ አያይም።

ውስጥ እግርስ? እዚያ ፀሐይ የለም። በእርግጥም የውስጥ እግር ሜላኖማ ዲኤንኤ ላይ የአልትራቫዮሌት አሻራ ጥቂት ነው፤ ይልቅ ትላልቅ የዲኤንኤ ክፍሎች ተቆርጠው ወይም ተባዝተው ይገኛሉ። የፒ16 ፍሬን እዚያም በተደጋጋሚ ይጠፋል። መንገዱ ሌላ፣ መድረሻው አንድ።

ከሰሜን ተራራ የተወሰደው ናሙና

የሰሜን ጎንደር ሰው ሜቲሌሽን በዓለም አቀፍ ጥናት ተለክቶ እንደሚያውቅ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ጥናቱ ስለ ካንሰር አልነበረም፣ ስለ ከፍታ ነው። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ሥራ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። ኦክስጅን በሚያንስበት በዚያ ከፍታ የሰዎቹ ደም የኦክስጅን መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆነ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙ የራቀ አልነበረም። የአንዲስም የቲቤትም ደገኞች እንዲህ አልነበሩም።

ቀጥሎ በ2012 ኢትዮጵያዊው ሐኪም አምሃ ገብረመድህን ያሉበት ቡድን ወደ ጂኑ ገባ። በሰሜን ተራሮች ደጋ ያሉ አማራዎችን ቆላ ዛሪማ ካሉት ጋር፣ የባሌ ደጋ ኦሮሞዎችን ከቆላዎቹ ጋር አነጻጸረ። ሁለት ነገር ለዛሬው ርዕሳችን ይጠቅማል። አንደኛ፣ በደገኛና በቆለኛ መካከል የፊደል ልዩነት በርክቶ የታየው የሴል መከፈልን በሚቆጣጠሩና የተጎዳ ዲኤንኤን በሚጠግኑ ጂኖች ላይ ነው። ፒ16ም የሚሠራው ከእነዚሁ የሥራ ዘርፎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ሜቲሌሽኑ ሲለካ በነጠላ ጂኖች ላይ ጎልቶ የወጣው ልዩነት በኦሮሞዎቹ ናሙና ነው። አማራው በደጋው ሺህ ዓመታትን ያስቆጠረ ነው፣ ኦሮሞው ወደ ባሌ ደጋ የወጣው ግን ከጥቂት መቶ ዓመታት ወዲህ። አንዱ አሳማኝ ንባብ ይሄ ነው፦ ምልክት በአንድ ሰው ዕድሜ ሊለወጥ ይችላል፣ ፊደል ግን ብዙ ትውልድ ይጠብቃል።

ከዚህ ተነስቶ «ደገኛ ካንሰር አይዘውም» ወይም «ይዘዋል» ማለት አይቻልም። ጥናቱ እሱን አልጠየቀም።

የተዘጋውን መክፈት

ወደ ተስፋው እንምጣ። አዛሲቲዲን የሚባል መድኃኒት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፕራግ ውስጥ ተሠራ፤ ያኔ የታሰበው የካንሰር ሴልን በመርዝነቱ ለመግደል ነበር። በ1980 ግን ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳተሙ። መድኃኒቱ የተጨመረባቸው የአይጥ ሴሎች የጡንቻ ሴል ወደ መሆን ተለወጡ። ምክንያቱ መድኃኒቱ ሜቲሌሽንን ስለሚያግድ የተኙ ጂኖች መንቃታቸው ነው። ዛሬ አዛሲቲዲን (በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2004) እና ወንድሙ ዴሲታቢን (በ2006) ለተወሰኑ የደምና የመቅኔ በሽታዎች ይሰጣሉ።

ለቆዳ ካንሰር ግን መደበኛ ሕክምና አልሆኑም። አንዱ ምክንያት መድኃኒቱ በር መምረጥ አለመቻሉ ነው፤ የፒ16ንም ይከፍታል፣ መከፈት የሌለበትንም። አሁን ተመራማሪዎች የሚሞክሩት ከመከላከያ ኃይል አነቃቂ መድኃኒቶች ጋር ማጣመር ነው። ከላይ እንዳልነው እንደ ሜጅ ያሉ ጂኖች ሲነቁ ካንሰሩ ለመከላከያ ሴሎች ይበልጥ ይታያልና።

ይሄን ስል ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «ጂንህን ክፈት»፣ «ሜቲሌሽንህን አጽዳ» እያሉ ዱቄትና እንክብል የሚሸጡትን አስታወሰኝ። ከእውነት ትንሽ ቆንጥረው ነው የሚነግዱት። ጎመንና ምስር ውስጥ ያለው ፎሌት ሰውነት ሜቲል ለመሥራት የሚጠቀምበት ቪታሚን መሆኑ ትክክል ነው። ብሉት፣ ጥሩ ምግብ ነው። ግን የተበላ ፎሌት ሄዶ የአንድን ጂን በር መርጦ አይከፍትም፣ አይዘጋምም። ካንሰር በሆነ ቆዳ ላይ የተዘጋ ጂን የሚከፍት እንክብል ከሱቅ አይገዛም።

ይብስ የሚያሳስበው ግን እግር ላይ የወጣን ጥቁር ነጥብ ወይም የማይድን ቁስል በጋለ ብረት መተኮስ፣ ቅጠል ማሰር፣ በምላጭ መግፈፍ ነው። ሜላኖማ ከሆነ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ሲገኝ ቆርጦ ማውጣት ብቻ ሊበቃው የሚችለው ነገር ወደ ንፍፊትና ወደ ሳምባ ከሄደ በኋላ በቀላሉ አይመለስም።

ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁን፣ በጣቶቻችሁ መሃል፣ ጥፍሮቻችሁን እዩ። የእናትና የአባታችሁንም። ቀድሞ ያልነበረ፣ እያደገ የሚሄድ፣ ቅርጹ ወይም ቀለሙ የተዘባረቀ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር (ከእርሳስ ጫፍ ላጲስ ስፋት) የበለጠ ጥቁር ነጥብ ካለ መታየት አለበት። ሳምንታት አልፈው የማይድን ቁስልም እንደዚሁ፤ በተለይ በድሮ የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ ላይ የወጣ ከሆነ፣ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት ጠባሳና የከረመ ቁስል ስኳመስ ሴል ካንሰር የሚነሳበት ቦታ ነው። ጥፍር ላይ ያለ ጥቁር መስመር ግን አያስደንግጣችሁ፤ በጥቁር ሰው የተለመደ ነው፣ በተለይ በብዙ ጥፍሮች ላይ ሲሆን። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ከመጣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው ከፈሰሰ ግን ሂዱ።

የት? ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ አይቶ ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል። በአካባቢው ትልቁ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። እዚያ የሚደረገው ምርመራ የሜቲሌሽን ምርመራ አይደለም፣ አያስፈልግምም። ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ ትንሽ ሥጋ ይወስዳል፣ ፓቶሎጂስት በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የተወሰደው ናሙና ካንሰሩ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደዘለቀ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ የሚቀጥለውን ሕክምና በዋናነት የሚወስነውም ያ ቁጥር ነው። ውጤቱን ስትቀበሉ ስለ እሱ ጠይቁ።